ሲለቁት የሚመታው ደወል

እኔ የማላውቀውን አላስተምርም። ይህን ስል ባልደረቦቼ «ደግሞ ጀመራት» ይላሉ፤ ይበሉ። በ1987 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን፣ አሶሳ ውስጥ፣ ራሴ በቅጡ ያልገባኝን ነገር በሙሉ ልብ አስተምሬ፣ አልበቃ ብሎኝ ፈርሜበት፣ ምንም ያልበደለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ አሳድሬአለሁ። ሌላው አዛብቶ ከሚያወራው እኔው ልናገረው።

የዝናሽ እባላለሁ። የዳንግላ ሴት ነኝ፤ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ያኔ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፣ ክልል ስድስት ነበር የሚባለው። ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ነው፤ ትናንት ከእኛ ጋር ጠመኔ ይዞ የነበረው ሰው ዛሬ ኃላፊ ነው። የብረት ጠረጴዛና የፋይል ሳጥን የጫነ መኪና በነቀምት በኩል አቧራ ለብሶ ይገባል፣ ሰው ተሰብስቦ ያራግፋል። ደስ የሚል ዘመን ነበር። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር የሚሆን ይመስለው ነበር። እኔም ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ስሜ ተላልፎ መልስ እየጠበቅኩ ነበር።

ኢዘዲን ተማሪዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት ገበያው አጠገብ ካለ ጋራዥ ገባና የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለመደ። ሁለት ዓመት ያህል እንደሠራ፣ ክልሉ የአካባቢውን ልጆች ሲቀጥር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሆነ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ያኔ ከነበሩት ቢሮዎች የተለየ አልነበረም። ከቤተሰቡ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ እሱ የመጀመሪያው ነው። ታላቅ እኅቱ ሀምዲያ፣ ያሳደገችው እሷ ናት፣ የቅጥር ደብዳቤውን ፍሬም አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ዐወድ ደወል ፈለጉ። አይፈረድባቸውም። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ደወል የሌለው ኃላፊ ኃላፊ አይመስልም ነበር። ጸሐፊያቸውን ዓዲላን በግድግዳው አሻግረው በጩኸት ይጠሩ ነበርና እንግዳ ሲኖር ያፍራሉ። ችግሩ ቀን ቀን መብራት የለም፤ የከተማው ጄኔሬተር የሚነሣው ሲመሽ ነው። ኢዘዲን «በመኪና ባትሪ እሠራዋለሁ» አለ፤ እውነትም ሠራው።

እንዴት እንደሠራው ባየሁ ጊዜ ኮርቼበታለሁ። ከተቃጠለ ጄኔሬተር ቀጭን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ በብሎኖች እስር ላይ ሁለት ሺህ ዙር ጠመጠመ። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት በየመቶው አንድ የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጥ ነበር። ከተሰበረ መጋዝ ምላጭ ቆርጦ ከጥምጥሙ ፊት አቆመ። የባትሪው ኃይል በጥምጥሙ ሲያልፍ ብሎኖቹ ማግኔት ይሆኑና ምላጩን ይስባሉ፤ ምላጩ ሲሳብ የብስክሌት ደወል ቆብ ይመታል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ሽቦው ይቋረጣል፣ ማግኔቱ ይጠፋል፣ ምላጩ ይመለሳል፣ ሽቦው እንደገና ይገናኛል። እንዲህ እየሆነ ትርርርር ይላል።

አንድ ቦታ ላይ እጁ ጋራዥ የለመደውን ሠራ። መኪና ላይ ከባትሪው ወደ መብራቱ የሚጎተተው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። ኢዘዲንም ሽቦ ለመቆጠብ የአቶ ዐወድን የብረት ጠረጴዛ ማሳ አደረገው። የባትሪውን አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረ፤ ከጥምጥሙ የመጣውን ሽቦ ደግሞ ጠረጴዛው ዳር ከፍ ብላ በተቀመጠች ትንሽ የመዳብ ሳህን ላይ ጨረሰው። ሳህኗን በጣት ሲጫኗት የጠረጴዛውን ብረት ትነካለች፣ ደወሉ ይጮኻል። ሲለቋት ትነሣለች፣ ዝም ይላል። ማንም የጋራዥ ሰው እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አቶ ዐወድ ጮኸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከጣታቸው እስከ ትከሻቸው የሆነ ነገር መታኝ አሉ። ሰው ሁሉ ሮጠ። የአስተዳደር ክፍል ኃላፊው አቶ በቃሉ ከቡለን የመጡ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። መጥተው አሥር ጊዜ ተጫኑት፤ ምንም የለም። በማግስቱ አቶ ዐወድን እንደገና መታቸው። በሦስተኛው ቀን እንደገና። አቶ በቃሉ ሲጫኑት ዝም፣ ዓዲላ ስትጫነው ዝም። ከሰዓት ላይ «ደወሉ ሰው ይመርጣል» የሚል ወሬ ገበያ ደረሰ።

ያን ዘመን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ሊያስቅ ይችላል። አቶ ዐወድ ከተሾሙ ገና አራት ወራቸው ነበር፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰው በአንድ ቀን ስብሰባ ነው የተነሡት። ኃላፊ የሚመታ ደወል ያለ ምክንያት አይመታም ተባለ። አቶ በቃሉ ኢዘዲንን ቢሮ ዘግተው «ማን ላከህ?» አሉት። እሱ ምን እንደተጠየቀ እንኳ አልገባውም። ከዚያ ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ መጣ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ይላክልን የሚል።

ማን ይላካል? እኔ ነኛ።

ሰኞ ጠዋት ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። ባትሪውን ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ቮልት ከትንሽ ነገር። ሳህኗንና ጠረጴዛውን ለካሁ፤ ያው አሥራ ሁለት። ሌላ የተደበቀ ነገር ፈለግኩ፤ የለም። አሥራ ሁለት ቮልት የሰው ቆዳ እንኳ አያልፍም። አቶ ዐወድ ደንግጠው ነው፣ ወይ ክርናቸው ከጠረጴዛው ጋር ተጋጭቶ ነዝሯቸው ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ይህ ኃይል ሰውን ሊመታ በፍጹም አይችልም። ፈረምኩ፣ የትምህርት ቤቱን ማህተም አስመታሁ። ኢዘዲንን ነፃ ያወጣሁት መስሎኝ እያፏጨሁ ነው የተመለስኩት።

ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ሀምዲያ በር ላይ ቆማለች። የምግብ ሳህን በነጠላ ቋጥራ ይዛለች።

«ወረቀት የጻፍከው አንተ ነህ?» አለችኝ። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ነው፤ በአማርኛ ሲናገሩ እሷም ወንድሟም ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ይላሉ።

«አዎ እኔ ነኝ። ምነው?»

«ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ወሰደው። ኢዘዲን። በአንተ ወረቀት።»

ወረቀቱ የተነበበው እንዲህ ነበር። ባለሙያዋ ባትሪው አይመታም ብላለች። አቶ ዐወድ ግን ተመትተዋል፤ ኃላፊ አይዋሽም። ስለዚህ ልጁ ሌላ ነገር ደብቆ ነበር፣ ባለሙያዋ ከመምጣቷ በፊትም አውጥቶታል። ሐሙስ የቢሮው ግምገማ አለ፤ እዚያ ከሥራ መባረሩ ይጸድቅና ጉዳዩ በባለሥልጣን ላይ ጉዳት ለማድረስ በመሞከር ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እኔ ለመከላከያ የጻፍኳቸው ሦስት መስመሮች ዋናው ማስረጃ ሆነዋል። ንዴቴን ምን ላርገው! መጀመሪያ በአቶ በቃሉ ላይ ተናደድኩ። በራሴ ላይ ለመናደድ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ከሀምዲያ ጋር ጣቢያ ሄድን። ኢዘዲን በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ተጨማዷል እንጂ ደኅና ነው። ፖሊሱ አሥር ደቂቃ ሰጠን። አሥሩንም ደቂቃ እኔ ነኝ የተናገርኩት። አይዞህ፣ አሥራ ሁለት ቮልት እንደማይመታ ሕፃን ያውቃል፣ ሐሙስ መጥቼ ዋጋቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ አንተ ብቻ አትፍራ። እሱ እሺ ቲቸር፣ እሺ ቲቸር ይላል። ስወጣ ሀምዲያ አንድ ነገር አለችኝ፤ «እሱ ታስሮ ከቀረ እኔ የቅጥር ደብዳቤውን ከግድግዳ ላይ አላወርድም። አንተ ታወርዳለህ።»

እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። አቶ ዐወድን አልወዳቸውም ይሆናል እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ በሠራተኛ ፊት ጮኸው የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ረቡዕ ጠዋት ክፍል ሳልገባ ወደ ዓዲላ ሄድኩ። የታይፕ መኪናዋ ላይ ወረቀት እየጠቀለለች ነው።

«ሲመታቸው የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነኛ ቲቸር። ደወሉን ስሰማ እነሣለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የጮኹት።»

«ደወሉ እየጮኸ?»

«ኧረ አይደለም፣ ደወሉ ከቆመ በኋላ ነው። ሦስቱንም ጊዜ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቲቸር ደግሞ! ደወሉ እየጮኸ ቢሆን የእሳቸውን ጩኸት በምን እሰማው ነበር?»

ደወሉ የሚቆመው እጃቸውን ሲያነሡ ነው። እጃቸውን ሲያነሡ ሽቦው ይቋረጣል። ያየሁትም የለካሁትም ባትሪውን ነው፤ ሰውየውን ግን የሚመታቸው ባትሪው ከተቋረጠ በኋላ ነው። የተቋረጠ ነገር እንዴት ይመታል? ከቢሮው እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው ቀይ አፈር መንገድ ላይ ይህን እያጉተመተምኩ ስሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በየዓመቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቀመር አለ። በጥምጥም ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ሲለወጥ ጥምጥሙ ራሱ በራሱ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል ይላል። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለችው፤ በቀይ ጠመኔ እከባታለሁ፣ «ፈተና ላይ ይቺን የረሳ ወየውለት» እላለሁ። ምልክቷን አልረሳኋትም። ምን እንደምትል ግን አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም።

ቤተ ሙከራ የለንም። ንብረት ክፍል ገብቼ የተቃጠለ ሬዲዮ ፈታሁና ትራንስፎርመሩን አወጣሁ፤ እሱም ብረት ላይ የተጠመጠመ ብዙ ሺህ ዙር ሽቦ ነው። ከትምህርት በሬዲዮ መቀበያው ስድስት የባትሪ ድንጋይ ተበደርኩ። ስድስቱ አንድ ላይ ዘጠኝ ቮልት ናቸው። ተማሪ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የጥምጥሙን ሁለት ጫፎች በሁለት እጄ ያዝኩና አንዱን ከባትሪው ጋር አሰርኩ፣ ሌላውን አስነካሁ። ምንም የለም። «አየሽ?» አልኩ ለራሴ። ከዚያ አነሣሁት።

እስከ ብብቴ ነው የነዘረኝ! ወንበሩን ገልብጬ ተነሣሁ፣ የተናገርኩትንም እዚህ አልጽፈውም። ዘጠኝ ቮልት ነው ይህን ያደረገኝ። እንደገና አስነካሁ፣ እንደገና አነሣሁ፤ ሲነካ ዝም፣ ሲለቅ ንዝረት። ጫፉ ከባትሪው ሲላቀቅ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ትታያለች፤ ሲነካ ግን የለችም። ሰባት ጊዜ ያህል ራሴን መታሁ። በሰባተኛው ላይ እየሳቅኩ ነበር።

አሁን ገባኝ። የበርታ ሴቶች ውሃ ሲሸከሙ ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው ግራና ቀኝ ቅል ያንጠለጥላሉ። በደንብ እየተራመደች ያለች ሴት ድንገት ከፊቷ ሰው ቢገተርና ቀጥ ብትል ውሃው አይቆምላትም፤ ዘሎ ይወጣል። ቀስ ብላ ብትቆም ጠብ አይልም። በጥምጥሙ ውስጥ ያለውም ኃይል እንደዚያው ነው። ዙሪያውን ማግኔት ሠርቶ እየሄደ ነው፤ ሽቦውን በቅጽበት ስትቆርጠው ማግኔቱ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ያንኑ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፣ አልቆምም ይላል። መቋረጡ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል። ዘጠኙ ቮልት ለዚያች ቅጽበት ብዙ መቶ ይሆናል። መንገድ ካገኘ ያልፋል፤ እኔ እጄን ሰጥቼዋለሁ፣ አቶ ዐወድ ደግሞ ጣታቸውንና ክርናቸውን። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የሚለብሱት፤ ላብ ያለበት ባዶ ክርናቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ጣታቸው ሳህኗ ላይ። አቶ በቃሉን ያዳናቸው ኮታቸው ነው። ዓዲላ ደግሞ የተጫነችው ቆማ ነው፣ ክርኗ ጠረጴዛውን አልነካም።

ሐሙስ ግምገማው ተጀመረ። በግምገማ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ተነሥቶ ጉድለቱን ራሱ ይናገራል፣ ግለ ሂስ ይባላል፣ ከዚያ ሌላው ይነሣና የቀረውን ይጨምርለታል። ከአዳራሹ ቆርቆሮ ሥር አርባ ሰው ይሆናል። ኢዘዲን አልቀረበም፤ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ነው ተባለ። ሀምዲያ መስኮቱ ሥር ውጭ ቆማለች። አቶ በቃሉ ወረቀቴን አነበቡ፣ ማህተሙን ከፍ አድርገው አሳዩ። «የባለሙያዋ ቃል ይኸው ነው። ባትሪው አይመታም። ታዲያ ምን መታቸው? ማን ላከው? ጥያቄው ይኼ ነው።»

«ወረቀቱ ስህተት ነው» አልኩ ተነሥቼ።

«የእርስዎ ፊርማ አይደለም?»

«ፊርማው የእኔ ነው። ስህተቱም የእኔ ነው።»

ትራንስፎርመሬንና ድንጋዮቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። የተደበቀ ነገር እንዳይባል ሽቦው ሁሉ እንዲታይ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ቴስተሩን ለአቶ በቃሉ ሰጠሁ፣ ራሳቸው ለክተው ራሳቸው «ዘጠኝ ቮልት» አሉ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። ከዚያ ጫፎቹን ይዤ ራሴን መታሁና ዘለልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ በቃሉ አልሳቁም። «መምህርት፣ ተማሪዎትን ለማዳን ብለው ነው። መዝለልማ እኔም እዘላለሁ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው፣ ተመትቼ እንኳ የማያምነኝ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም። አፌን ከፍቼ ልሰድባቸው ስል አቶ ዐወድ ከመድረኩ ተነሡ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የእኔ ወረቀት የኢዘዲንን ብቻ አይደለም የእሳቸውንም ስም ነው ያጠፋው። ባትሪው አይመታም ማለት አለቃው ፈሪ ነው ማለት ነው፤ ከተማው በዚያ ሳምንት ሲያወራ የሰነበተው ይህንኑ ነው።

«ኡስታዛ፣ ስጠኝ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፤ መምህርት ማለታቸው ነው፣ የእሳቸውም የቤት ቋንቋ እንደ ሀምዲያ በርታ ነው።

«አቶ ዐወድ፣ ይቅርብዎት» አሉ አቶ በቃሉ።

«ስጠኝ አልኩ።»

ሁለቱን ጫፎች አስያዝኳቸው። ባትሪውን አስነካሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ምንም የለም» አሉ። አነሣሁት። «ወላሂ!» ብለው ወደ ኋላ ተፈናጠሩና ጫፎቹን ለቀቁ። እጃቸውን እያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። «ይሄው ነው! ይሄው ራሱ ነው! እንዲህ ነው የመታኝ፣ ልክ እንዲህ!» ወደ ሠራተኛው ዞሩ፤ «ሰማችሁ? ዘጠኝ ቮልት ነው። በቃሉ ራሱ ነው የለካው። በቃሉ፣ ና፣ ኮትህን አውልቅና ያዝ።»

አቶ በቃሉ ያን ቀን ኮታቸውን አወለቁ። ድምፃቸው እንዲህ ቀጭን ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግምገማው ቀረና ሰው ተሰለፈ፤ ዓዲላ፣ ሾፌሮቹ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሁሉ። እያንዳንዱ ሲለቀው ይጮኻል፣ የሚቀጥለው ይስቃል፣ ከዚያ እሱም ይጮኻል። እኔ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስለ ማግኔቱና ስለ ውሃው እነግራለሁ። ኃላፊው ጠረጴዛቸው ለምን እንደሚመታቸው ሲገባቸው ክርናቸውን እያዩ ረጅም ሳቅ ሳቁ።

ሁሉም ሲቀመጥ አቶ በቃሉ፣ እልኸኛ ሰው ናቸው፣ አሁንም አለቀቁም። «ይሁን። ተንኮል የለም። ጥፋት ግን አለ። ኃላፊን የሚመታ ዕቃ ተሠርቷል። ይህን ማወቅ የነበረበት ማነው?»

ለዚህ መልሱን ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት። «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ግለ ሂስ እንደ እኔ የሚጠላ ሰው የለም፤ ሌላ ጊዜ ተራዬ ሲደርስ «ትዕግሥት ያንሰኛል» ብዬ እቀመጣለሁ። «ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልጁ በሠራው ደወል ውስጥ ያለውን ነገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቀመሩን አስጻፍኩት፣ ትርጉሙን ግን አልነገርኩትም፤ አላውቀውም ነበር። ባትሪ አይመታም ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ስትጠሩኝ ደግሞ መጥቼ ያንኑ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚህ ውስጥ የኢዘዲን ጥፋት የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ ይንገረኝ።»

በመስኮቱ ሀምዲያን አየኋት፤ ሁሉን ቃል ተከትላው እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን ግን ነበር የምታየው።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ተዘጋ። ኢዘዲን ዛሬውኑ ይፈታ፣ ወደ ሥራው ይመለስ፣ የደወሉን ሳህን በጎማ ይሸፍን። ባለሙያዋ ሳያጣሩ በመጻፋቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው፣ ግልባጩ ለትምህርት ቤታቸው ይድረስ። ግልባጩ ደረሰ፤ ምክትል ርዕሰ መምህርነቱም በዚያው ቀረ። ለሳምንት ያህል አናዶኛል፣ አልዋሽም።

የመፍቻ ደብዳቤውን ይዤ ከሀምዲያ ጋር ጣቢያ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ኢዘዲን ጫማውን አስሮ ወጣ። እኅቱ በበርታ አንድ ነገር ብላው ከእኛ ቀድማ ሄደች፤ እራት ልትሠራ ነው። እኛ ቀስ እያልን በገበያው በኩል መጣን። እኔ መቼስ አላረፍኩም፤ ማግኔቱ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ለምን ሲለቁት እንጂ ሲይዙት እንደማይመታ፣ ላብ ምን እንደሚያደርግ፣ አቶ በቃሉ እንዴት እንደጮኹ፣ ሁሉን ነገርኩት። እሱ በአቶ በቃሉ ሳቀ። የገበያውን ጫፍ ካለፍን በኋላ ነው አንድ ጥያቄ የመጣልኝ። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ማን ላከህ ብሎታል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

«ቆይ እስቲ ኢዘዲን፣ ስትሠራው አንተን አንድ ቀን እንኳ አልመታህም?»

«መታኝ» አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«ብዙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው የመታኝ።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን አትናገርም? ጣቢያ ድረስ መጥቼ የለም? ለምን አልነገርከኝም?»

ቆመና አየኝ። ቁጣ የለበትም፣ ወቀሳም የለበትም፤ እንዲያውም እኔን እንዳያስቸግር የፈራ ይመስል ነበር።

«አንተ አይመታም ብለህ አስተማርከኝ» አለ። «ቲቸር አይሳሳትም። እኔ እጄ ፈሪ ነው ብዬ ነው። እጄ ይዋሻል ብዬ።»

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱም ግራ ገብቶት አጠገቤ ተቀመጠ።

«ንገረኝ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ።»

መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘርግቶ በግራው እያሳየ ጀመረ። የመጀመሪያው በዚህ ጣት ነበር፣ ምላጩን ሲያስተካክል። ሲይዝ አልነበረም፣ ሲለቅ ነው። ጎማ ጫማ አድርጎ ሞከረ፣ ለውጥ የለውም። እጁን በአቧራ አድርቆ ሞከረ፣ ቀነሰለት። ዙሩን ከሺህ ወደ ሁለት ሺህ ሲያሳድገው ባሰ። ቀስ ብሎ ሲለቅና ፈጥኖ ሲለቅ እኩል አይደለም። አንዱን ከሌላው ለይቶ፣ በቅደም ተከተል፣ ሁሉንም ያውቀዋል፤ እኔ ቀመሩን ስከብ በኖርኩበት ዓመት ሁሉ ያላየሁትን።

መሃል ላይ ቆመና «ይህ ልክ ነው ቲቸር?» አለኝ።

«ልክ ነው» አልኩት። «ቀጥል።»